ክርክር፦ የሽርሽሩ ቀን ታሪክ ይሆናል ወይ?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ለልጆች ለሚጽፍ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ወጣ ብሎ ከሚውልበት ቀን የሚበልጥ ምንጭ የለም።»

ደጋፊ

ለልጆች መጻፍ የሚፈልግ ሰው ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ከሚውል ልጆቹን ይዞ ግማሽ ቀን ይውጣ። የ4 ዓመት ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከፍታ ሲታይ ዓለም የጠረጴዛ ሆድ፣ የሰው ጉልበትና የውሻ ፊት ነው። ይህን በሐሳቤ እደርስበታለሁ የሚል ይሳሳታል። በስልኩ ፎቶ የሚያነሣውም እንደቆመ ስለሚያነሣ ማታ ሲያየው የሚያገኘው የልጆቹን አናት ነው። ተንበርክኮ ያንሣ።

ኪስ የሚገባ ደብተር ይበቃል። ቀኑን ሙሉ 3 ወይም 4 ነገር ብቻ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ ካለፈ ዓይናችሁ ደብተሩ ላይ ቀርቶ ልጁ ያመልጣችኋል። መስመሮቹን እዚያው ማታ፣ ሳትተኙ ዘርዝሯቸው። ካደረ ድምፁና ሽታው ይጠፋና «ደስ የሚል ቀን ነበር» የሚለው ብቻ ይቀራል። ደግሞ ትልቁን ነገር አታሳድዱ። የልጁ ቦት ጫማ ጭቃ ውስጥ ይሰነቀርና እግሩ ብቻውን ይወጣል። በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ካልሲው ከጣቶቹ ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ያንን እግር የት እንደሚያሳርፈው አያውቅም። ከኋላው ጫማው፣ ከፊቱ ጭቃው። ያን ሁሉ መንገድ የሄዳችሁት ፏፏቴ ለማየት ቢሆንም ታሪኩ እዚህ ነው ያለው። ልጁ የሚለውንም እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳትነኩ ጻፉት። ከልጅ አፍ የወጣውን ማንም ጸሐፊ አይበልጠውም።

ማስረጃ ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1862 እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል ከአንድ ባልደረባውና ከሦስት እኅትማማቾች ጋር ከኦክስፎርድ ተነሥቶ በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ወጣ። የ10 ዓመቷ አሊስ ተረት ንገረን አለች፤ በኋላም ጻፍልኝ ብላ ያዘችው። መጽሐፉ «አሊስ በአስደናቂው ምድር» ተብሎ በ1865 ታተመ። ያ ሽርሽር ባይኖር ያ መጽሐፍ ባልኖረ።

ተቃዋሚ

እኅቴ ከጻፉት መሐል አንዲት መስመር ላይ እቆማለሁ፤ ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው በእሷ ነውና። «አንድ ቃል ሳትነኩ ጻፉት» ይላሉ። የ3 ዓመት ልጅ ቃል ሲያጣምም ቤተሰቡ የሚስቀው ትክክለኛውን ስለሚያውቅ ነው። የመጽሐፉ አድማጭ ግን ሌላ የ3 ዓመት ልጅ ነው፤ ስሕተቱ አይሰማውም። ትክክል መስሎት ይዞት ይሄዳል። 6 ዓመት ከሞላው ደግሞ በእሱ ቢጤ እየተሳቀ መሆኑ ይገባዋል። ሁለቱም ዘንድ ያ ቃል የሚያስደስተው የሚያነብላቸውን አዋቂ ብቻ ነው።

የሽርሽር ረቂቅ መልኩ ይታወቃል፦ ተነሣን፣ ሄድን፣ አየን፣ በላን፣ ተመለስን። በዚህ ውስጥ አንድም የሚፈልግ ሰው የለም። የሚፈልግ ከሌለ የሚከለክል የለም፤ የሚከለክል ከሌለ ልጁ ገጹን የሚገልጥበት ምክንያት የለውም። ሥዕላዊ መጽሐፍ እንደ ልማዱ 32 ገጽ ነው። የርእሱና የኅትመቱ መረጃ ገጾች ሲነሡለት ለታሪኩ ከ12 እስከ 14 ትይዩ ገጽ (መጽሐፉ ሲገለጥ ጎን ለጎን የሚታዩት ሁለት ገጾች እንደ አንድ ተቆጥረው) ይተርፋል፤ ቃሉም ከ500 ባይበልጥ ይመረጣል። አንዱ ትይዩ ገጽ ለመኪናው ጉዞ፣ አንዱ ለምሳው ከሄደ ምን ቀረ? በዚያ ላይ ወላጅ በቦታው አለ። ቦት ጫማው ገጽ 8 ላይ ይሰነቀራል፤ እናት ገጽ 9 ላይ ጎትታ ታወጣዋለች፤ ታሪኩ አለቀ። ወላጁ ከታሪኩ መውጣት አለበት፤ ካልወጣም እጁ መታሰር አለበት። ቀኑን እንዳለ ልጻፍ የሚል ግን ወላጁ እሱው ራሱ ስለሆነ ለማውጣት እጁ ያጥረዋል።

አሊስም የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ካሮል በእጁ ጽፎ ለልጅቷ በሰጣት የመጀመሪያ ቅጂ ላይ፣ ከውኃው የወጡት ፍጥረታት ወደ አንዲት ጎጆ ሄደው ብርድ ልብስ ተከናንበው እሳት ይሞቃሉ። ይህ በጁን 1862 በሌላ ሽርሽር ዝናብ ሲመታቸው በእውነት የደረሰባቸው ነው። ለኅትመት ሲያዘጋጀው ቆርጦ ጣለውና በቦታው ሁሉም የሚያሸንፍበትን ሩጫ አስገባ። ጎጆው የሚጥመው እዚያ ለነበሩት ብቻ ስለሆነ ነው የወጣው።

ደጋፊ

ጻፉት ያልኩት ደብተሩ ላይ ነው። ደብተርና የታተመ መጽሐፍ ሁለት መሆናቸውን ለልጆች ከሚጽፍ ሰው ጋር ስከራከር ማስረዳት ይኖርብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስለ ተጣመመ ቃልም አልተናገርኩም። ያ ጫማው የቀረበት ልጅ «ጭቃው ጫማዬን ወዶት ነው» ቢልስ? እዚህ ውስጥ የተጣመመ ቃል አለ? «ጭቃው ጫማውን ያዘው» ብሎ የሚያርመው አዋቂ ታሪኩን ገደለው። በታሪኩ የሚፈልግ የለም ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ጭቃው ፈለገ። ከዚህ በኋላ ጭቃው ጫማውን ለምን እንደወደደው፣ በምን ሊለውጠው እንደሚስማማ መጠየቅ ብቻ ነው፤ 12ቱ ትይዩ ገጽ ይሞላል። አንድ ቃል ሳትነኩ ያልኩት ለዚህ ነው።

የወላጁን ነገር ትክክል ነዎት፤ ይውጣ።

ደግሞ ምንጩ ጀልባ ብቻ አይደለም። ስዊድናዊቷ የልጆች ደራሲ አስትሪድ ሊንድግሬን በ1941 የሳንባ ምች ይዟት የተኛችው ልጇ ያወጣችላትን ስም ተቀብላ ነው ፒፒ ስለተባለችው ልጅ ማውራት የጀመረችው። በ1944 በረዶ አዳልጧት እግሯን ተጎድታ ስትተኛ ጻፈችው፤ በ1945 ወጣ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቢአትሪክስ ፖተር በ1893 ለታመመ የ5 ዓመት ልጅ ስለ ጥንቸል በሥዕል የተሞላ ደብዳቤ ጻፈች። ዓመታት አልፈው ደብዳቤውን ከልጁ ተውሳ መጽሐፍ አደረገችው፤ አሳታሚዎች ሲመልሱባት በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ደብዳቤ ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻል ልምምድ ነው፤ ለአንድ ልጅ ይጻፋል፣ ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ የማያስፈልገው ቦታ አያገኝም።

ተቃዋሚ

«ደብተሩ ላይ» የሚለው ቃል መጀመሪያ በጻፉት ዐረፍተ ነገር ውስጥ የለም። ያለው «ማንም ጸሐፊ አይበልጠውም» የሚል ነው። ማንም የማይበልጠውን ደግሞ ጀማሪው እንዴት አድርጎ ያርመዋል? ቅዱስ ቃል አድርገው ሰጡት፤ አሁን ጥሬ ዕቃ ነው ይላሉ። ልዩነቱን ይወስኑና ይንገሩን፤ ምክርዎን ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ።

ሐሳቡስ የት ደረሰ? የተነሣነው «ወጣ ብሎ ከሚውልበት ቀን» ብለን ነው። አሁን የሊንድግሬን ልጅ አልጋ ላይ ናት፤ የፖተር ወዳጅም አልጋ ላይ ነው። ፖተር ደግሞ የራሷ ልጅ አልነበራትም። እኔም አንድ ልጨምርልዎ፤ ደራሲው ስቲቨንሰን «የውድ ሀብት ደሴት» የተሰኘው መጽሐፉ የተነሣበትን ካርታ ከእንጀራ ልጁ ጋር የሣለው በ1881 ስኮትላንድ ውስጥ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ብሎት ነው። ሽርሽሩ ቀርቶ ነው መጽሐፉ የመጣው።

የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ይከፋል። ያ ቃል የማን ነው? እንግሊዛዊው ደራሲ ኤ. ኤ. ሚልን በ1926 «ዊኒ ዘ ፑ» ለተሰኘው መጽሐፉ የልጁን ስም፣ የልጁን ድብ፣ ልጁ የሚጫወትበትን ጫካ ወሰደ። ልጁ ክሪስቶፈር ትምህርት ቤት ሲገባ ተማሪዎቹ በዚያው አሳቀቁት። በ1974 ባሳተመው ትዝታው፣ አባቱ መልካም ስሙን ወስዶበት ባዶ ዝና እንዳስቀረለት ተሰምቶት እንደነበር ጽፏል። ደብተር ይዘው ልጅዎን የሚከተሉ ሁሉ ይህን ያስቡበት።

ደጋፊ

የልጆቼን ቃል ሰርቄ የምሸጥ አስመሰሉኝ። ይህ ያሳዝነኛል። የተነሣንበትም ጉዳይ አልነበረም፤ ግን ካነሡት እመልሳለሁ።

ስም ይቀየራል፤ ዕድሜው፣ ፀጉሩ፣ ቤቱ፣ የእኅት የወንድሙ ቁጥር ይቀየራል። ልጁ የደበቀው ፍርሃት፣ የአልጋ ማርጠብ፣ ከወላጁ ጋር የተጣላበት ነገር ደብተሩም ውስጥ አይገባ። ከ7 ዓመት በላይ ከሆነ ረቂቁ ለሌላ ሰው ከመታየቱ በፊት ለእሱ ይነበብለት፤ አይሆንም ካለ ይቅር። የሚልን ጥፋት ስሙን ማተሙ ነው። ልጁን ማድመጡ ምን አጠፋ?

እና ስለ ጭቃው አልመለሱልኝም። ልጅ ሳያደምጥ «ወዶት ነው» የሚለውን ከየት ያመጣዋል?

ተቃዋሚ

7 ዓመት አሉ። የቦት ጫማው ልጅ 4 ዓመቱ ነው። እሺ ቢልም ምን እንደፈቀደ አያውቅም፤ ስሙንና ፀጉሩን ቢቀይሩም የክፍል ጓደኞቹ እናቱ የጻፈችውን መጽሐፍ ያውቁታል። ስለዚህ ረቂቁ ሲያልቅ በዚያ ቀን ላልነበሩ 3 ወይም 4 ልጆች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ዓይናቸው ከገጹ የሚሸሽበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ እንዳለ የተገለበጠው እዚያ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ እንደገና ያንብቡት፤ አሁን ባለታሪኩ 14 ዓመት ሞልቶታል፣ ጓደኞቹ መጽሐፉን አግኝተውታል ብለው። የሚስቁበትን ገጽ ያውጡት። ካልሲው ይሁን ሌላ፣ እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ሲያነቡት ይታወቅዎታል።