«ውስጥ ሰው አለው» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ የጅቡቲን ጉዳይ ካነበብኩ ወዲህ ንዴቴ አልበረደም። የጎረቤት ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ኤሪክሰን የተባለው የስዊድን ኩባንያ የጅቡቲን የሞባይል ኔትወርክ ለማዘመን 20.3 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሚያወጣ ውል ፈለገ። ገዢው የመንግሥት ቴሌኮም ነው። ዕቃውን አሳይቶ፣ ዋጋውን አቅርቦ ውሉን መጠየቅ ይችል ነበር። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት 2.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለባለሥልጣናት በጉቦ አወጣ። ጉቦ ብሎ አልመዘገበውም መቼም። ከአንድ «አማካሪ» ድርጅት ጋር የይስሙላ ውል ተዋዋለ፣ የሐሰት የክፍያ መጠየቂያ ጸደቀ፣ ገንዘቡ በዚያ በኩል ሄደ። ባለሥልጣናቱ ደግሞ ተራ ሰዎች አይደሉም፤ የቴሌኮሙ ሥራ አስፈጻሚ ራሱ አለበት።

የአማካሪ ድርጅቱ ባለቤትና አንዱ ባለሥልጣን ባልና ሚስት ናቸው! ድርጅቱን ለማጣራት ተብሎ በተዘጋጀው ረቂቅ ሪፖርት ላይ ግን ይህ ጋብቻ አልተጻፈም። ይቅር ማለት ያቃተኝ ይሄ ነው። ማጣሪያ የተባለው ወረቀት ሊያጣራው የሚገባውን አንድ ነገር ዘሎ ተሞላ።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ኩባንያው ጥፋቱን አመነ። በሌሎች አገሮች ከሠራው ጋር ተደምሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። ለማን? ለአሜሪካ መንግሥት። በአሜሪካ የክስ ሰነድ ላይ ጉቦ ተቀባዮቹ በስም አልተጠሩም፣ ቁጥር ነው የተሰጣቸው። ሆዴን የሚበላኝ ካርድ እየሞላ የሚኖረው የጅቡቲ ሰው ነው። ገንዘቡን ማን እንደበላበት እንኳ በስም አልተነገረውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ያ አማካሪ የእኛ ሰፈር ሰው ቢሆን ኖሮ ምን እንለው ነበር? «ጎበዝ ነው፣ ውስጥ ሰው አለው» ነበር የምንለው። ሠርግ ላይ የፊት ወንበር እንለቅለታለን፣ ጉዳያችን ሲያዝ ስልኩን እናፈላልጋለን፣ ማታ ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ መንግሥትን እንረግማለን። እኛ ነን ያሳደግነው።

ኩባንያ ወደ መንግሥት ቢሮ ሄዶ ዕቃውን ማስረዳቱ ነውር አይደለም። ቴክኖሎጂውንም ሕጉንም የሚያውቅ ሰው ቀጥሮ፣ ማን እንደሚከፍለው ተናግሮ፣ በቀን ብርሃን ቢከራከር ሙያ ነው፣ ይከፈለው። እኔ የምጠላው ዝምድናን፣ ጋብቻን፣ አብሮ አደግነትን የሚሸጠውን ነው። በሥልጣንና በተሰሚነት መነገድ በእኛም ሕግ ወንጀል ነው እኮ! ስንቶቻችን ግን ወንጀል አድርገን እናየዋለን?

በግዥና በቴክኒክ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እባካችሁ። የ«ማማከር» ክፍያ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ ምን እንደተሠራበት ጠይቁ። የማን ድርጅት እንደሆነ፣ ባለቤቱ ከማን ጋር እንደሚዛመድ ጠይቁና ጻፉት። ከላይ ስልክ ሊደወልላችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። ልጆች እንዳሏችሁም አውቃለሁ፤ ለብቻ መጋፈጥ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ይህን አንብቦ ነገ የሚለወጥ ቢሮ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። አንድ ፈራሚ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያንን ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ለዘንድሮ እሱም ይበቃኛል።