ቴሌቪዥኑን ከፍተን «ሂዱ ተጫወቱ»

እኛ ቤት ልጅ እያየ የማይከፈት ቪዲዮ የለም። ልጁ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን «አንተን አይመለከትህም፣ ሂድ ተጫወት» ይባላል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ታህሳስ 2017 ላይ ደግሞ ባሰብኝ።

ያን ሰሞን አገር ቤትም እዚህም መከራ ነበር። ከገና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ለወራት ሲንቀጠቀጥ የከረመው መሬት በሌሊት አዲስ አበባን ሳይቀር ነቀነቀ። በገና ዕለት ደግሞ እዚህ ሎስ አንጀለስ ፓሊሴድስ ላይ እሳት ተነሳ። ማታውኑ አልታዲና የሚባለው ሰፈር ተከተለ። ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ አመድ ሆነ።

የስድስት ዓመቱ ልጄ ሁለቱንም ሰማ። ጭሱን በዓይኑ አየ። አስተማሪው ትምህርት ቤት ተዘግቶ እያለ እንኳ ለወላጆች መልእክት ላከች። ዜናውን ልጆች ፊት አትክፈቱ፤ መጀመሪያ ምን እንደሰሙ ጠይቋቸው፤ እውነቱን በአጭሩ ንገሯቸው፤ እሳቱን ለማጥፋት የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ አስረዷቸው፤ የማትችሉትን ቃል አትግቡ። በቃ፣ ይሄው ነው። ገንዘብ አይጠይቅ፣ ምን አይጠይቅ።

እዚህ ካሊፎርኒያ ልጆች በየጥቅምቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምድ ያደርጋሉ። ጎንበስ፣ ጠረጴዛ ስር ግባ፣ እግሩን አጥብቀህ ያዝ። እናም ልጄ አዲስ አበባ ስንደውል መጀመሪያ የጠየቀው «እማማ፣ ጠረጴዛሽ ጠንካራ ነው?» ብሎ ነው። እናቴ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል የኔ ጌታ፣ አንተ አታስብ» አለችው። አሜን። እኔም እጸልያለሁ። ልጁ ግን የጠረጴዛውን መልስ እየጠበቀ ነበር።

ከሁሉ ያሳዘነችኝ የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ያን ሌሊት ከእንቅልፏ ተጎትታ በደረጃ ወረደች። ግቢ ውስጥ የሰማችው «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» የሚል ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ አልተኛም አለች። ለምን እንደተንቀጠቀጠ የነገራት አንድም ሰው የለም! በስልክ አስረዳኋት። በስምጥ ሸለቆ መሬቱ በጣም ቀስ እያለ እንደሚለያይ፣ ፈንታሌ አካባቢ ከታች የቀለጠ አለት ስንጥቁን እየገፋ እንደሚገባ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ ኃይሉ እንደሚቀንስ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና «ታዲያ ይሄን ማን ከለከላቸው እንዳይነግሩኝ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተትም እንዲሁ ነበር። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ናቸው። በዝናብ የራሰ ተራራ ለምን እንደሚናድ፣ እነዚያ ሰዎች ለምን እንደሮጡ ለልጅ ይነገራል። የቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ የመጣው ግን የአስከሬን ቪዲዮ ነው። ከስሩ «ነፍስ ይማር»። አለቀ። ስልኩ ደግሞ ያለው ልጆቹ እጅ ነው።

እህቴን የልጇን ትምህርት ቤት ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ልምምድ እንድትጠይቅ ለመንኳት። ሄዳ ጠየቀች። «ልጆቹን ለምን እናስፈራራለን?» ነው ያሏት። ፈርተዋል እኮ! በሌሊት ደረጃ ለደረጃ የሮጡት እነሱ ናቸው። የእህቴ ልጅ ዛሬ ጠረጴዛ ስር እንዴት እንደሚገባ የምታውቀው የስድስት ዓመት ልጅ ከሎስ አንጀለስ በቪዲዮ ስላሳያት ነው።