«የኛ በዘር ነው» ማለት ጨው ለመነስነስ ፈቃድ አይደለም

ባለፈው እሁድ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ምሳ በላን። የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳጣ፣ ዳቦ። ዓሣው ገና ጠረጴዛው ላይ ከማረፉ ጓደኛዬ ጨው አነሳ። አልቀመሰውም። አንዱን ጎን ነሰነሰበት፣ ገልበጥ አደረገና ሌላውንም ነሰነሰበት። አምና ግፊቱ 160 በ100 ተገኝቶ ኪኒን የጀመረ ሰው ነው።

«ኧረ ተው» አልኩት።

«ባክህ፣ የኛ በዘር ነው። አባቴም እናቴም ግፊት አለባቸው። ጨው ቀነስኩ አልቀነስኩ ምን ሊለወጥ?»

ይህን አባባል አባቴም ይለው ነበር። አባቴን ያጣሁት በስትሮክ ነው። ስለዚህ ስሰማው ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ዘር ድርሻ አለው፤ እሱ አያከራክርም። ኤፍቲኦ የሚባለውን ዘረ መል እንውሰድ። ከውፍረት ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ለውፍረት የሚያጋልጠውን ዓይነት ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ሰው፣ ጭራሽ ካልወረሰው ሰው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ዘረ መሉ በተለይ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል።

አሁን ይሄን ስሙ። አሜሪካ ውስጥ፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ፣ ቤተሰቦችን ከወላጅ እስከ ልጅ ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1942 በፊት የተወለዱት ላይ ይኸው ዘረ መል ከክብደት ጋር የረባ ግንኙነት አልታየበትም። ከዚያ ወዲህ በተወለዱት ላይ ግን ጎልቶ ወጣ። ዘረ መሉ ያው ነው፤ የተቀየረው ኑሮው ነው።

ሐዋሳን ሳይ ይሄ በደንብ ይገባኛል። ልጆች ሳለን ከተማዋ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ከመናኸሪያ ሐይቁ ድረስ በእግር መሄድ ለማንም ብርቅ አልነበረም። ዛሬ ለአንድ አስፋልት ማዶ ባጃጅ እንጠራለን። በቆጮና በጎመን ያደገ ልጅ መክሰሱ ቺፕስና ለስላሳ ሆኗል። ሆዱ ገፋ ሲል ደግሞ «ወፈርክ፣ ተመቸህ!» እንለዋለን። ምርቃት መሆኑ ነው።

ጓደኛዬ እንዲሰማኝ የፈለግኩት ግን የግፊቱን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ዳሽ የተባለ ጥናት ነበር። ሰዎች ለ8 ሳምንት አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፣ ቅባቱ የቀነሰ ወተትና እርጎ ያለበት ምግብ በሉ። ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው በ11 ያህል ወረደ። ቆየት ብሎ ተመራማሪዎቹ ግፊት ከሚጨምሩት ዘረ መሎች አንዱን መረመሩ። በምግቡ ይበልጥ የወረደላቸው ለግፊት የሚያጋልጠውን ዓይነት የወረሱት ናቸው! «በዘር ነው፣ ምንም አይለውጥም» የሚለው ሰው ምግቡን ቢለውጥ ከማንም በላይ ሊጠቀም የሚችል ሰው ነው ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ከወጡ ሌላ በርበሬው፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል። ምግብ አስተካከልኩ ብሎ ኪኒን ማቆም ግን አይሆንም፤ እሱን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ከምሳ በኋላ በፍቅር ሐይቅ በኩል በእግር ወጣን። ጓደኛዬ የ24 ዓመት ልጅ አለው፣ ቁርጥ እሱን። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ዘሩን ብቻ አይደለም፤ ድስቱንም፣ የጨው ልኩንም ነው።

«ግፊቱን ተለክቶ ያውቃል?» አልኩት።

«እሱ እኮ ገና ልጅ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ይዞት እንዲሄድ አስምዬው ተለያየን።