ምን ሆነህ ነው?

የፈቃድ ቅጹ ላይ «ምክንያት» የምትል መስመር አለች። «መንገድ ለማየት» ብዬ ሞላኋት።

የሰው ኃይሏ እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቅጹን አነበቡ። ቀጥለው እኔን አነበቡኝ።

«የምን መንገድ?»

«የደሴን። በሞተር።»

«ምን ሆኖ?»

«ምንም አልሆነ። ጠመዝማዛ ነው፣ ያምራል ይላሉ።»

ዝም አሉ። እኚህ ሴት በዚያች ወንበር ላይ ሐዘን፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የወገብ ሕመም፣ የውርስ ክርክር ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ማማር ግን እስከዚያች ቀን ማመልከቻ አስገብቶባቸው አያውቅም። እስክሪብቶ አንስተው ጽሑፌን ሰረዙና በራሳቸው እጅ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለው ጻፉ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፋይል ውስጥ አይቀመጥም» አሉኝ።

እናቴ ጋ ደግሞ ክርክሩ አጭር ነበር። «ሞተር? ምነው፣ መኪና ጠፋ?» አለች። አባቴ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ሲሄድ እንኳ ጣርማ በር ላይ ሦስቴ ማማተቡን አስታወሰችኝ። ሲደክማት «እየነዳህ ስልክ እንዳታነሳ» ብላ አስማለችኝ። በመንገድ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። መሐላዬን ጠብቄ ባላነሳ፣ ለምን አላነሳህም ብላ አኮረፈች።

ጊዜው ጥቅምት 2011 ነው። አገሩ ሁሉ ተቃቅፎ የሚውልበት፣ መንገዱም ክፍት የነበረበት ወቅት። ከዚያ ወዲህ ያ መንገድ ስንቱን አየ። እሱ ለወግ አይሆንም፤ ልለፈው።

ሞተሬ ሁለተኛ እጅ ያማሃ ናት። በ19 ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል ለምን እንደተባለ የገባኝ ደብረ ብርሃን ስደርስ ነው። 130 ኪሎ ሜትር በዚያ ብርድ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ አጥንት አይበቃውም፤ ቅልጥም ከነመቅኑ ያስፈልገዋል። ጣቶቼ መሪውን እንደጨበጡ ቀርተው አልዘረጋ አሉኝ። ሻይ ቤት ገብቼ ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ። ሻዩን ለመጠጣት ገና አልደረስኩም ነበር።

አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ አሉ። አዩኝ፣ ሞተሯን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ደሴ እየሄድኩ ነው።»

«አውቶቡስ ሞላብህ?»

«የለም፣ መንገዱን ላይ ብዬ ነው።»

አንገታቸውን በሐዘን ነቀነቁ። የሻዬን ሒሳብ ከፍለውልኝ ወጡ። በሳቸው ቤት የመሳፈሪያ ያጣሁ ልጅ ነበርኩ።

ከደብረ ብርሃን በኋላ ሜዳ ነው። ገብስ፣ በግ፣ የድንጋይ ካብ፣ የበግ ጠጉር ኮፍያ ይዘው መኪና የሚያሯሩጡ እረኞች። ሜዳው ማለቂያ የሌለው ይመስልና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ጣርማ በር እንዲህ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆመህ ከፊትህ ያለው ሰማይ ብቻ ይሆናል፤ ያውም ጉሙ ከፈቀደ። ለኔ አልፈቀደም። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ያስፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስገባ የሄልሜቴ መስታወት በእስትንፋሴ ጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከኋላዬ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው ዓይነት የጭነት መኪና ክላክሱን ያስጮኻል። ዋሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። እኔ ግን ውስጡ ሆኜ ሙሉ ዳዊት የደገምኩ መሰለኝ።

ከዋሻው ማዶ ጉሙ ተገፈፈና የይፋት ቆላ ከእግሬ ሥር ተዘረጋ። መንገዱ ከተራራው ወገብ ላይ እንደተጣለ መቀነት ታጥፎ ተጣጥፎ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሞተር ሰዎች ቀድመው የማይነግሩህን ጉድ ልንገርህ። ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ አገሩን የማያየው ነጂው ብቻ ነው! ሞተር ዓይንህ ወዳለበት ትሄዳለች። ኩርባው መጨረሻ ላይ ዓይንህን ከተከልክ እዚያው ታደርስሃለች። «አቤት ገደሉ!» ብለህ ወደ ገደሉ ከዞርክ እሷም «እሺ ጌታዬ» ብላ ትከተልሃለች። ፍጥነትህን ኩርባው ሳይመጣ ትቀንሳለህ። ፍሬኑ እንዳይግል በሁለተኛ ማርሽ ይዘህ ትወርዳለህ። አስፋልቱ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ፣ ጠጠር፣ የተኛች አህያ ትጠብቃለህ። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ለተራራው የሚደርሰው ጊዜ ስንት ነው? የአውቶቡሱ መንገደኛ በመስኮት ሁሉንም ማየት ይችል ነበር። እሱ ደግሞ መጋረጃውን ስቦ ተኝቷል።

ስለዚህ ለማየት መቆም ግድ ነው። መከራዬም የጀመረው ስቆም ነው።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሞተሯን አቁሜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ አንድ ሚኒባስ ሲጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ምን ሆነህ ነው?» አለ። «ምንም፣ እያየሁ ነው» አልኩ። «ምኑን?» እጄን ወደ አገሩ ዘረጋሁ። ሾፌሩ አየ። ረዳቱ አየ። ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ወገን ተደፍቶ አየ። ምንም አልታያቸውም። የተገለበጠ መኪና ነበር የጠበቁት። «ጤነኛ ነው?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሄዱ።

ቀጥሎ የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ወረደ። ምንም አልተበላሸም ብለው አላመነኝም፤ ሰንሰለቴን አጥብቆ፣ ጎማዬን ረግጦ፣ ዘይቴን አይቶ ነው የሄደው። ደግነቱ ዓይኔን በእንባ ሞላው። ግን አገሩን ከለለብኝ።

አራተኛው ሰው ሲቆም ዘዴ አበጀሁ። ካንዴላ ነቀልኩ። ካንዴላ በእጁ የያዘ ሰው በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የፈለገውን ያህል መቆም ይችላል። «ካንዴላ ነው?» ይሉሃል እያለፉ። «አዎ፣ ቆሽሾ» ትላለህ። «አይዞህ!» ብለው ይሄዳሉ። ያልተበላሸ ካንዴላ በጨርቅ እየወለወልኩ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቁጭ ብዬ ይፋትን ጠጣሁት።

ከበላዬ ገደሉ ጫፍ ላይ አንድ ጭላዳ ተቀምጦ ነበር። ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ በነፋስ የሚነሳ፣ ሣር እየነጨ ቁልቁል ያያል። ማንም መጥቶ «ምን ሆነህ ነው?» አይለውም። ቀናሁበት።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ነው። የሸጡልኝ እማማ ገና ስኒውን ሳይሰፍሩ «ምን ሆነህ ነው ልጄ፣ በዚህ ተራራ በሞተር?» አሉ። በቃ ደከመኝ። ስለ ውበት፣ ስለ ኩርባ፣ ስለ ነፍስ ማደሻ ለማስረዳት ጉልበት አጣሁ።

«ስለት አለብኝ» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣች እኔም አላውቅም። እማማ ስኒውን አስቀመጡት። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የት ነው ስለቱ?»

ወደ ደሴ አቅጣጫ ምን እንዳለ ቶሎ አሰብኩ። «ግሸን ማርያም።»

«እልልል!» አሉና ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። አንዱ ብቻ ጠረጠረ፤ «የግሸን በዓል መስከረም 21 አልፎ የለ?» አለ። «ለወርሃዊው ነው፣ ለነገ ወዲያው 21» አልኩ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ የቀን መቁጠሪያ ሳይቀር ይተባበራል። የቆሎው ዋጋ ቀረ፤ የስለት መንገደኛ አይከፍልም ተባለ። እማማ ቤታቸው ገብተው ሲመለሱ ባለ ወርቅ ዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ይዘው ነው። ልጃቸው በሰላም ብትገላገል ተስለው፣ የሚያደርስላቸው ጠፍቶ፣ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ከርሟል። «እመቤቴ ናት የላከችህ» አሉኝ። ምን እላለሁ? ጎረቤቶቹም ጧፍ አመጡ፣ ዕጣን አመጡ፣ በጨርቅ የታሰረ ብር አመጡ። እኔ የመጣሁት ኩርባ ለማየት ነበር። አሁን ፖስታ ቤት ሆኛለሁ።

ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ ገረፈኝ። ከጣርማ በር 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከፍታው ግን ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል። ጠዋት የደረብኩትን ሹራብ፣ ጃኬት፣ ከውስጥ የጠቀጠቅኩትን ጋዜጣ እየገፈፍኩ ጃንጥላው ላይ ከመርኩት። ሞተሯ ወደ ገበያ የምትሄድ ግመል መሰለች።

ከሚሴ ላይ ሻይ ስጠጣ አንድ ኮፍያ ያደረጉ አባት ጭነቴን ዞረው አዩት። ጥያቄው ሳይመጣ ቀደምኩ፤ «ስለት ነው አባባ» አልኳቸው። «ዚያራ ነው በለኛ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። ለሰው ሁሉ የማይገባው ጉዞዬ ለሳቸው በአንድ ቃል ገባቸው። ዱዓ አደረጉልኝ። ቀጥለውም «አስተሳሰርህ ግን አያዛልቅም» ብለው ገመዱን ፈቱና ጃንጥላውን ከመቀመጫው ኋላ ቀጥ አድርገው አቆሙት። የሳቸው ቋጠሮ የሚፈታ አይደለም።

እውነትም ቋጠሮው አልተፈታም። የተፈታው ጃንጥላው ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐረጎ የሚባለው ዳገት እዚያ ይጠብቅሃል። መንገዱ ወደ ላይ ይጠመዘዛል፣ ከታች ኮምቦልቻ እያነሰች ትሄዳለች። ያማሃዬ ከነጭነቷ እያቃሰተች በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ፣ አንዱ ኩርባ ላይ ከኋላ ነፋስ መጣ። ዷ! አለ። ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ዞርኩ። ጃንጥላው ከራሴ በላይ ተዘርግቷል! ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ፣ ዙሪያውን የሚንቀጠቀጥ ሻኩራ። ማቆም አልቻልኩም፤ ከኋላዬ ከባድ መኪና አለ። በእግር ርምጃ ፍጥነት፣ በጃንጥላ ጥላ ሥር፣ እንደ ንጉሥ ሽቅብ ወጣሁ። ኩርባው ጫፍ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚሄዱ ሴቶች ዞረው አዩኝ። ሸክማቸውን መሬት ጥለው እልልታውን አቀለጡት። ከኋላዬ ያለው ባለ ከባድ መኪናም አልቀረ፤ ክላክሱን በዜማ ያስጮኸው ጀመር። ደሴ የገባሁት በአጀብ ነው።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። እንዳትጮህብኝ ፈርቼ «ነገ ግሸን እወጣለሁ፣ ስለት ይዤ» አልኳት። ከወዲያ ዝምታ። ከዚያ፦ «እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አትነግረኝም?» ያን ሁሉ ጊዜ ሞት የነበረችው ሞተር በአንድ ሌሊት ተባረከች። ስለ ሄልሜት እንኳ አልጠየቀችኝም።

ከደሴ ግሸን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ያልቅና ጠጠር ይሆናል፣ ጠጠሩም ያልቅና አቧራ ይሆናል። በውሸቴ የተነሳ የሄድኩበት ይህ መንገድ፣ በእውነቴ ከተነሳሁበት ሁሉ በለጠ። አምባው ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ነው ይባላል። በድሮ ጊዜ የነጋሢ ልጆች ዙፋን እንዳይቀናቀኑ የሚታሰሩት በዚህ ግድም ነበር። ጫፉ ላይ ቆሜ አዘንኩላቸው፤ ብዙም አይደለም። ቢያንስ ቀኑን ሙሉ ተራራ ሲያዩ ቢውሉ ምን ሆናችሁ የሚላቸው የለም።

አንድ አባት ያመጣሁትን ተረከቡኝ። ጃንጥላው የደብረ ሲናዋ እማማ፣ ጧፉ የጎረቤቶቻቸው፣ ብሩ በየጨርቁ የየሰዉ። ሁሉን በየስሙ ደብተር ላይ አስፍረው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«የአንተስ?»

ፊቴ ጋለ። እዚያ ላይ እንዴት ይዋሻል? «በሰላም ቤቴ ከገባሁ በዓመቱ እመጣለሁ» አልኩ። ጻፉት።

በዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የፈቃድ ቅጹን ይዤ እትዬ ፊት ቆምኩ። «ምክንያት» የምትለው መስመር ላይ «ስለት» ብዬአለሁ። መነጽራቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። ማኅተሙን ረገጥ አደረጉና ቅጹን መለሱልኝ። ልወጣ ስል «ቆይማ» አሉ። የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፍተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወጡ።

«ይቺን በሞተርህ ላይ ብታስርልኝስ?»