ለአይሲዩ ነርስ «ራስሽን ጠብቂ» ብቻ አይበቃም

አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ወጣት ታካሚ ሌሊት ላይ አረፈ እንበል። የቆመ ልቡን ለመመለስ የተደረገው ሲፒአር አልሠራም። ነርሷ ቱቦውን ከጉሮሮው ታወጣለች፣ ካቴተሩን ትነቅላለች፣ ፊቱን ታጥባለች፣ አገጩን በጎዝ ታስራለች። ቤተሰቦቹ ሲገቡ አጠገባቸው ትቆማለች። በበረኪና የተወለወለው አልጋ ሳይደርቅ ከድንገተኛ ክፍል ይደወላል፤ ሌላ ታካሚ እየመጣ ነው። ጎን ያለውም አክታው ካልተመጠጠ ቬንትሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) ጩኸቱን አይተውም።

ጠዋት ርክክብ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ያልቃል። «አልጋ 3፣ ሌሊት አርፏል።» «አላርሙን ቀድሜ ሰምቼው ቢሆንስ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም አይረከባትም። ይዛው ቤቷ ትገባለች። (ወንድ ነርሶች ቅር አይበላችሁ፣ እናንተንም ነው።)

ምክር እንደሆነ አናጣም። ተኚ፣ ስፖርት ሥሪ፣ ጸልዪ፣ ራስሽን ጠብቂ። ክፋት የለውም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በርንአውትን (በሥራ ተሟጦ መዛልን) ሲተረጉም በሽታ ነው አላለም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነው ያለው። ሥራው ያመጣባትን ነገር በእረፍት ቀንሽ፣ በራስሽ ገንዘብ ተወጪው ማለት ደግሞ ግፍ ነው።

እኔ የምደግፈው ሪፍሌክቲቭ ሱፐርቪዥን የሚባለውን ነው። በየጊዜው፣ በሥራ ሰዓት፣ በር ዘግቶ፣ ለዚሁ ከሠለጠነች ባልደረባ ጋር መቀመጥ። ቼክሊስት ይዞ የሚመጣው ቁጥጥር አይደለም። ነርሷ ከውስጧ አልወጣ ያላትን ነገር ታነሳለች። ሰሚዋ «አይዞሽ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብላ ወሬውን አትዘጋባትም። እኛ እዚህ ላይ ቸኳዮች ነን። «አላርሙ ሲጮህ የት ነበርሽ?» ብላ ትጠይቃለች፣ ለመክሰስ ሳይሆን። መልሱ «ሌላው ታካሚ ጋ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ» ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥፋቴ ያለችው ነገር የሰው እጥረት ሆኖ ይገኛል። ወይም በእርግጥ ያልተማረችው ነገር አለ፤ እሱም ይወጣል። በዚህ ዘርፍ የምትጠቀሰው እንግሊዛዊቷ ብሪጂድ ፕሮክተር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሱፐርቪዥን ሦስት ሥራ አለው ያለችው ይህንኑ ነው፦ ማስተማር፣ የሥራውን ደረጃ መጠበቅ፣ የዛለውን ማበርታት።

እንግሊዝ በማርች 2021፣ ገና ከኮቪድ ሳትወጣ፣ ለባልደረቦቻቸው እንዲህ ያለውን ሱፐርቪዥን የሚሰጡ ነርሶችን የሚያወጣ፣ ፕሮፌሽናል ነርስ አድቮኬት የሚባል ሥልጠና ጀመረች። ቅድሚያ ያገኙት የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ናቸው። ዕቅዱ ለ20 ነርሶች አንድ የሠለጠነ ሰው ማድረስ ነበር።

«እነሱ ሰው አላቸው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። እዚያ መመዘኛው ቬንትሌተር ላይ ላለ አንድ ታካሚ አንድ ነርስ ነው። እኛ ጋ አንዷ ሁለትም ሦስትም ትይዛለች። ታዲያ ጫናው የበዛባት ናት ሰሚ የማያስፈልጋት? ሐዘን ብቻውን እንዳይዋጥ ድንኳን የምንተክል ሰዎች ነን። በሞት አጠገብ ደጋግማ የምትቆም ነርስ ግን ለቅሶ ደራሽ የላትም።

ተአምር እንዳይጠበቅ። ሱፐርቪዥን ደሞዝ አይጨምርም፣ ሰው አይቀጥርም፤ በዚያ ፈንታ ከቀረበ ማታለያ ነው። አንድ ቀን ሰብስቦ አናግሮ መበተንም አይሆንም። ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ አንዴ ብቻ የሚደረግ ዲብሪፊንግ የድኅረ አደጋ ጭንቀትን እንደማይከላከል ጥናቶች ካሳዩ ቆይተዋል። ሁሉንም የሚያበላሸው ግን ወሬ ነው። ነርሷ የተናገረችው በማግስቱ ሻይ ክበብ ከተሰማ፣ ወይም የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ ብቅ ካለ፣ ዳግም አፏን አትከፍትም። ስለዚህ ሰሚዋ ሄድ ነርሷ መሆን የለባትም፤ ከሌላ ክፍል ትምጣ።

አይሲዩ ያለው ሆስፒታል ሁሉ አንዲት ክፍልና ሁለት ሲኒየር ነርሶች አያጣም። በዚያ ይጀመር። ሰዓቱ ግን ዱቲ ውስጥ ይያዝ፣ የሚተካትም ሰው በፕሮግራሙ ላይ በስሙ ይጻፍ። ናይት አድራ የወጣች ነርስ ታክሲ ሰልፍ ይጠብቃታል፣ ልጅም ይጠብቃታል፤ «ከሥራ በኋላ ቆዪ» ብትባል አትቆይም።