በብርድ ልብስ ዋጋ ውስጥ ያለው ቀረጥ

ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ጎንደር ገብቼ፣ ፒያሳ ባለችው የእህቴ ሱቅ ብዙ ቀን ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከውጭ የመጣ ወፍራም ብርድ ልብስ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ምነው ልጄ፣ አምና የነገርሽኝ ዋጋ እኮ ይህ አልነበረም፤ እናንተ ነጋዴዎች መቼ ነው የምትጠግቡት?» አሏት። እህቴም «እማማ፣ እኔም በውድ ነው ያመጣሁት» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ማታ የአከፋፋዩን ደረሰኝ ሳየው፣ ከዋጋውና ከተጨማሪ እሴት ታክሱ ሌላ የተጻፈ ነገር የለበትም፤ ዕቃው ወደብ ሲደርስ ስንት እንደነበረና ጉምሩክ ላይ ስንት እንደተከፈለበት እሷም አታውቅም።

በምኖርበት አገር እ.ኤ.አ. በ2025 ቀረጥ የየዕለቱ ወሬ ነበር። ከኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይም 10 በመቶ ተጣለ፤ ቡናችን ከዚህ ቀረጥ ነፃ የወጣው በኅዳር ወር ነው። ዋጋው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት መብትም በዚያው ዓመት ቀረ። በርበሬና ቡና የምገዛበት የሐበሻ ሱቅ ባለቤት ግን ዋጋው ለምን እንደጨመረ በወረቀት ጽፎ መደርደሪያው ላይ ለጠፈ፤ ደንበኛውም በማን ላይ ማማረር እንዳለበት ያውቅ ነበር።

የእኛ ቀረጥ ከዚያኛው እጅግ ይከብዳል፤ ነገር ግን አይታይም። ወደብ ሲደርስ 1,000 ብር የተገመተ ዕቃ ከፍተኛው የ35 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት 1,350 ይሆናል። በዚህ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያም ላይ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጨመረው 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታሰብ፣ ዕቃው ገና መጋዘን ሳይገባ ከ1,700 ብር ያልፋል። እያንዳንዱ ታክስ ከበፊቱ ታክስ ላይ ጭምር ስለሚሰላ ነው እንዲህ የሚያብጠው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ መቶኛው ሳይለወጥ የሚከፈለው ቀረጥ በብር ሲቆጠር በእጥፍ ገደማ አደገ። የእናታችን የ«አምና ዋጋ» የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ከጉምሩክ በኋላም ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ጎንደር ኬላን ከጥንት ታውቃለች፤ ነጋድራስ የሚባለው ሹም ከሲራራ ነጋዴው ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። ዛሬም መንገዱ በተዘጋና መኪናው በቆመ ቁጥር የሚጨመረው ወጪ የሚያርፈው በገዢው ላይ ነው።

ቀረጥ ይቅር አልልም። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፤ እንዲህ ያለው ሥራ ከለላ ይገባዋል፣ መንግሥትም ገቢ ያስፈልገዋል። ሆኖም በጎንደር ብርድ ልጆቿን ለማልበስ የመጣች እናት ከምትከፍለው ውስጥ ስንቱ ለፋብሪካው ከለላ፣ ስንቱ ለመንግሥት፣ ስንቱ ለነጋዴው እንደሆነ ልታውቅ ይገባል። አስመጪው ለአከፋፋዩ፣ አከፋፋዩም ለእህቴ በሚሰጡት ደረሰኝ ላይ ጉምሩክ የተከፈለው ገንዘብ በአንድ መስመር ቢጻፍ፣ እህቴ ያንን ወረቀት ለእማማ ታሳያቸው ነበር።