ቀን አድክሙት፣ ማታ ይተኛል?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ እጅና እግሩ እንደ እኩዮቹ የማይታዘዝለት ሕፃን እንቅልፍ እምቢ ሲለው መፍትሔው ያለው ቤት እንጂ ሐኪም ዘንድ አይደለም። የሚደግፉት ጎንደር፣ ማራኪ የሚኖሩ የአፀደ ሕፃናት መምህር ናቸው። የሚቃወሙት አዘዞ የሚኖሩ የ5 ዓመት ልጅ እናት ናቸው።

መምህሩ፦
ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅተው፣ ደረጃ ሲወርድ የሚደናቀፍ ልጅ ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ወላጁን ስጠይቅ ማታ እስከ 4 ሰዓት ስልክ ይዞ ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። የስልክ ብርሃን ደግሞ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ያዘገያል። ስልኩን ቀሙት፣ በሰዓቱ አስተኙት፣ ቀን በደንብ አድክሙት። ይተኛል። ለዚህ ካርድ ማውጣት አያስፈልግም።

እናት፦
«አድክሙት» አሉ መምህር? የእኔ ልጅ ማንም ሳያደክመው ደክሞ ነው የሚገባው። ካልሲ ለማጥለቅ ምላሱን ነክሶ ይታገላል፤ ተረከዙ ወደ ላይ ይዞርበታል፣ ያወልቀዋል፣ እንደገና ይጀምራል። እኩዮቹ ሳያስቡት የሚያደርጉትን እሱ እያሰበ ነው የሚያደርገው። እንዲህ ደክሞም አይተኛም። ይነጫነጫል፣ ያለቅሳል፣ ሌሊት ሲገላበጥ ደግሞ ጋቢው እግሩ ላይ ይጠመጠምበትና ፈትቶ መውጣት አቅቶት ሲጮህ እነሳለሁ። ለትምህርት ከደረሱ 100 ልጆች 5 ወይም 6ቱ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። የእነሱ ወላጆች ከሌሎቹ ይልቅ በልጃቸው እንቅልፍ እንደሚቸገሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ሁሉም ስልክ ስለያዙ ነው?

መምህሩ፦
እህቴ፣ አንዲት ቃል መዘሽ ያዝሽ። አድክሙት ስል ሜዳ ላይ ይሩጥ ማለቴ ነው። ሁለት ነገር አብሮ ታየ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ልጅ 5 ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ይህ ችግር አለበት ተብሎ ብዙውን ጊዜ አይወሰንም፤ ሁሉም እኩል አያድግምና። ቶሎ ስም መለጠፍ ልጁን ይጎዳዋል። ስለ ስልኩም አልመለስሽልኝም።

እናት፦
ይሩጥ? ሲሮጥ ይወድቃል። ሲወድቅ ይሳቅበታል። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ሌሎቹን ያያል፤ በአጥር ቀዳዳ ስንት ቀን ቆሜ አይቼዋለሁ። ሐኪም ዘንድ የምሄደው ስም ላስለጥፍበት አይደለም። ማታ እግሩን የሚያወራጨው ከአይረን እጥረት ይሁን፣ የሚያንኮራፋው ቶንሲሉ አብጦ ይሁን እርስዎ ሊነግሩኝ አይችሉም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒም፣ እንደ መልበስና መጻፍ ያለውን የዕለት ሥራ የሚያለማምደውን ኦኩፔሽናል ቴራፒም ያስተምራል፤ ሙያው እዚሁ ደጃችን እያለ «ካርድ አያስፈልግም» ይባላል? አንድ አስተማሪ እንደዚሁ ብለውኝ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ያ ዓመት ያንገበግበኛል።

መምህሩ፦
እኚያ አስተማሪ እኔ አይደለሁም። በሌላ ሰው ጥፋት አትክሰሽኝ። የሚያንኮራፋ ልጅ ይታይ፣ መች ከለከልኩ? ከሰዓት በኋላ ደብተሩ ላይ ለሚያንቀላፋ ልጅ ሹራቤን አውልቄ ከራሱ ሥር አድርጌለት አውቃለሁ። አንዱንም ሰነፍ ብዬው አላውቅም። ይህን ሁሉ ሆኜ እንደ ጨካኝ መቆጠሬ ከፍቶኛል።

እናት፦
ለሹራብዎ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከልቤ ነው። ሲነቃ ግን ያልጻፈውን ያስጨርሱታል ወይስ ይተዉለታል? የእኔን ልጅ በእረፍት ሰዓት ነው የሚያስጨርሱት። ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ እርሳስ ጨብጦ ይቀመጣል።

መምህሩ፦
አስጨርሰዋለሁ። ካላስጨረስኩት ወላጁ ራሱ ደብተሩ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ይመጣብኛል።

እናት፦
እኔ አልመጣብዎትም። ይተኛ።